የፈሰሰ ባትሪ፣ የተበላ ቦርድ፦ የአሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርድን ማጽዳትና ማዳን



የዛሬው ደርሳችን ከቴክኒክ ጋር የተያያዘ ነው። ኢንጂነሪንግ የማያጠኑትም ቢያነቡት ይጠቀሙበታል ብለን እናስባለን፤ ምክንያቱም እዚህ የምንማረው ኬሚስትሪ በካልኩሌተር፣ በሪሞት፣ በሬዲዮና በግድግዳ ሰዓት ውስጥ ያለው የባትሪ ድንጋይ ሲፈስም ያው ነው። ኢንሻአላህ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን ቦርድ እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ከዚያም እንዴት እንደሚጠገን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

በምሳሌነት የወሰድነው የ386 እና የ486 ኮምፒውተሮችን ማዘርቦርድ ነው። «ይህን ያህል ያረጀ ነገር ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የመለኪያ ማሽኖች ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት አይኤስኤ በሚባለው የድሮ ስሎት ላይ በሚሰካ ካርድ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ለዶስ ነው፤ ካርዱ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ባትሪ ፈስሳ ማዘርቦርዱን ከበላች፣ ምንም ብልሽት የሌለበት ትልቅ ማሽን አብሮ ሥራ ያቆማል። እኛም ይህን ሥራ የተማርነው እንዲህ ባለ ቦርድ ላይ ነው። ለመለማመጃ የተሰጠን ዕቃ ሳይሆን የሚሠራ ማሽን የሚጠብቀው፣ በእጃችን የተቀመጠ አማና ነበር።

1. ባትሪው የት ነው? ለምንስ ተቀመጠ?

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ማዘርቦርዱ ላይ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት አልነበረውም። በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ተጠቃሚው ራሱ ያስገባ ነበር። በ1984 አይቢኤም ኤቲ ሲመጣ ሰዓትና 64 ባይት የምታክል ትንሽ ሲሞስ ሜሞሪ ያለው ቺፕ ተጨመረለት። ሰዓቱ፣ የሀርድ ዲስኩ ዓይነት፣ የሜሞሪው መጠንና የመሳሰሉት እዚያ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይህች ሜሞሪ እንዳትረሳ የሚጠብቃት ባትሪ ያስፈልጋታል።

ከዚያ በኋላ ብዙ የ286፣ የ386 እና የ486 ቦርድ አምራቾች ርካሹን መንገድ መረጡ። በርሜል የመሰለች፣ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ፕላስቲክ የተጠቀለለች የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ቦርዱ ላይ በየዱ። ጽሑፏን ብታነቡ አብዛኛውን ጊዜ 3.6 ቮልት፣ 60 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። በውስጧ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ ሦስት ሴሎች ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ትሞላለች፤ ሲጠፋ ሲሞሱን ትመግባለች። ኮምፒውተሩ ስቶር ገብቶ ዓመታት ሲያልፉ ግን የሚሞላት የለም። ባዶ ትሆናለች፤ ማሸጊያዋም ይደክማል፤ ውስጧ ያለው ፈሳሽ መውጣት ይጀምራል።

ባትሪዋ የተቀመጠችበት ቦታም ጉዳቱን ያከፋዋል። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ያለችው ከኪቦርድ መሰኪያው አጠገብ ነው። በዙሪያዋ የኪቦርድ መቆጣጠሪያው 8042 ቺፕ፣ የሰዓቱ 32.768 ኪሎ ኸርዝ ክሪስታል እና የአይኤስኤ ስሎቶች አሉ። በፈሰሰ ባትሪ የተጎዳ ቦርድ መጀመሪያ ኪቦርድ አልቀበል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በፒሲ ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም። በ1991 የወጣው አሚጋ 500 ፕላስም ተመሳሳይ ባትሪ ስላለው በዚሁ ችግር ይታወቃል። አሚጋ 2000 ላይ ደግሞ ባትሪዋ ያለችው ከዋናው ፕሮሰሰር አጠገብ በመሆኑ የሚፈሰው ፈሳሽ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ይበላል።

2. የሚፈሰው አሲድ ነው ወይስ ቤዝ?

የደርሱ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በተለምዶ ከባትሪ የሚወጣን ፈሳሽ ሁሉ «የባትሪ አሲድ» እንላለን። ለመኪና ባትሪ ትክክል ነው፤ ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። በኒኬል ካድሚየም ባትሪ ውስጥ ያለው ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይኸውም አሲድ ሳይሆን ጠንካራ ቤዝ ነው። ለሳሙና መሥሪያ የሚውለው ካስቲክ ሶዳ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሪሞትና ካልኩሌተር ውስጥ የምናስገባው «አልካላይን» የባትሪ ድንጋይም ውስጡ ያለው ይኸው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ስሙን መለየቱ ለምን አስፈለገ? ማጽጃውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። «የባትሪ አሲድ ነው» ብሎ ያመነ ሰው ሶዳ ባይካርቦኔት ያመጣል። ባይካርቦኔት ግን ራሱ ደካማ ቤዝ ነው፤ ቤዝን በቤዝ ማጠብ አያረክሰውም። የሚያስፈልገው ደካማ አሲድ ነው፤ እሱም ወጥ ቤት ውስጥ አለ፦ ነጭ አቼቶ።

ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአቼቶ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፖታሲየም አሲቴት የሚባል ጨውና ውሃ ይሆናል። ጨዉ በቀላሉ በውሃ ይሟሟል፤ ታጥቦም ይሄዳል። የፈሰሰው ቤዝ ዓመታት ካለፉት ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ፖታሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ባትሪው ጫፍ ላይ የምናየው ነጭ ቅርፊት ይህ ነው። አቼቶ ሲነካው የሚፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ስለሆነ ነው። መፍላቱ ሲያቆም ሥራው ወደ ማለቁ መቃረቡን እናውቃለን።

ስንት አቼቶ ይበቃል? አንድ ሊትር 5 በመቶ አቼቶ ውስጥ 50 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ አለ። የአሲዱ ሞላር ክብደት 60 ስለሆነ በሊትር 0.83 ሞል ይሆናል። 20 ሚሊ ሊትር ስንወስድ 0.0167 ሞል ገደማ እናገኛለን። የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሞላር ክብደት 56 ነው፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሊትር አቼቶ 0.9 ግራም ያህል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን ያረክሳል። ቦርዱ ላይ የፈሰሰው ጥቂት ጠብታ ነው። ከግማሽ ሲኒ ያነሰ አቼቶ በዝቶ ይተርፋል፤ ቦርዱን በአቼቶ መዘፍዘፍ አያስፈልግም።

ሁሉም ባትሪ ግን አንድ አይደለም። አንዳንድ የድሮ ማኪንቶሾች፣ ለምሳሌ ኤስኢ/30፣ ውስጣቸው 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪ አለ። ይህ ባትሪ ቲዮኒል ክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ይዟል፤ ፈሳሹ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። እዚህ ላይ የሚያረክሰው በውሃ የተበጠበጠ ባይካርቦኔት ነው። ስለዚህ ቃዒዳው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪውን ለይ፣ ከዚያ ማጽጃውን ምረጥ። ጽሑፉ ጠፍቶ ከተጠራጠራችሁ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሊትመስ ወረቀት ጠይቁ። በዲስቲልድ ውሃ አርጥባችሁ ቅርፊቱን አስነኩት። ቀዩ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ቤዝ ነው፤ ሰማያዊው ወደ ቀይ ከተቀየረ አሲድ ነው።

3. ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ፈሳሹ የወደቀበት ቦታ ላይ አይቆምም። በብረቱ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ በቀዳዳዎች አልፎ ወደ ቦርዱ ጀርባ ይሻገራል፤ በሶኬትና በስሎት ሥር ይገባል። ሦስት ነገሮችን ይጎዳል።

አንደኛ፣ ሶልደሩን። ቆርቆሮና እርሳስ በአሲድም በቤዝም የሚጠቁ ብረቶች ናቸው። የሚያብረቀርቀው ሶልደር ግራጫ ይሆናል፤ ካውያ ሲነካው እንኳ እንደ ጤነኛው አይቀልጥም።

ሁለተኛ፣ መዳቡን። እርጥበትና ኦክስጅን ሲታከሉበት የመዳብ መስመሩ ይጠቁራል፤ ወይም ሰማያዊና አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ፈሳሹ በአረንጓዴው መከላከያ ቀለም ሥር ስለሚሄድ መስመሩ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከሥር ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የቺፕ እግሮችን፣ ሶኬቶችንና በቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን ስስ የመዳብ ልባስ። ብዙዎቹ የ386 እና የ486 ቦርዶች አራት ንብርብር አላቸው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ልባስ ከተበላ የላዩና የታቹ ግንኙነት ይቋረጣል፤ ይህ በዓይን አይታይም።

ጉዳቱ በጊዜ ይጨምራል። ዛሬ በአንድ ሰዓት የሚታጠብ ቦርድ ከሁለት ክረምት በኋላ ሃያ ሽቦ ሊፈልግ ይችላል። በምትማሩበት ክፍል ስቶር ውስጥ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካለ፣ ባይጠገን እንኳ ባትሪውን ቆርጦ ማውጣት ብቻ ትልቅ ሥራ ነው።

4. ከመጀመራችን በፊት

ጤና ይቀድማል። ካድሚየም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ መርዛማ ብረት ነው፤ ኩላሊትንና ሳንባንም ይጎዳል። ስለዚህ ቅርፊቱን በደረቁ አንፋቅም፤ ብናኙን እንዳንተነፍስ መጀመሪያ እናርጥበዋለን። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና መነፅር ግዴታ ናቸው። መስኮት ይከፈት። ሥራው ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ፤ የተጠቀምንበት የጥርስ ብሩሽም ወደ መታጠቢያ ቤት አይመለስ። ከጨረስን በኋላ እጃችንን በሳሙና በደንብ እንታጠባለን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ካቻቢቴ፣ ቆራጭ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ነጭ አቼቶ፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ማጉያ መነፅር፣ መልቲሜትር። ለጥገናው ደግሞ ካውያ፣ ሶልደር፣ ፍላክስ፣ የሶልደር መምጠጫ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት። ዲስቲልድ ውሃ ከጋራዥ የምትገዙ ከሆነ አሲድ የተቀላቀለበት የመኪና ባትሪ ውሃ አለመሆኑን አረጋግጡ።

አልኮሉን በተመለከተ አንዳንድ ወንድሞች ይጠይቃሉ። አይሶፕሮፒል አልኮል የሚያሰክረው መጠጥ ውስጥ ያለው ኤታኖል አይደለም። ሌላ ኬሚካል ነው፤ ቢጠጣ መርዝ ነው። ከዚህ ያለፈ የሸሪዓ ጥያቄ ያለው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። በእኛ በኩል የምናስጠነቅቀው አልኮሉ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ካውያው በጋለበት ሰዓት እንዳይከፈት ነው።

5. የማጽዳት ደረጃዎች

ሀ. መመዝገብ። ኮምፒውተሩ አሁንም የሚከፈትና ባትሪው ያልፈሰሰ ከሆነ መጀመሪያ ሴትአፕ ውስጥ ገብታችሁ የሀርድ ዲስኩን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። ባትሪው ሲወጣ ይጠፋሉ። ባትሪው ከፈሰሰ ግን ቦርዱን መብራት አትስጡት፤ እርጥብ ቤዝ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጨመር መዳቡ በፍጥነት ይበላል። ሶኬቱን ከግድግዳ ነቅላችሁ የቦርዱን ፎቶ ከየአቅጣጫው አንሱ። የጃምፐሮቹን አቀማመጥ አንድ በአንድ መዝግቡ። የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፖቹን እንዳይጎዳ የኮምፒውተሩን የብረት አካል ነክታችሁ ጀምሩ።

ለ. ባትሪውን ማውጣት። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፎች ምልክት አድርጉ። ከዚያ እግሮቹን በፒንሳ ቁረጡ፤ ቀሪው በኋላ በካውያ ይነቀላል። አትጎትቱት፤ የተበላ መዳብ አብሮ ይነሳል። የወጣውን ባትሪ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ለቤተ ሙከራው ኃላፊ አስረክቡ። አይከፈትም፣ አይቃጠልም፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አይጣልም።

ሐ. ሶኬት ላይ የተሰኩ ቺፖችን ማንሳት። አቅጣጫቸውን መዝግባችሁ በጥንቃቄ አንሱ። ፈሳሹ ከሥራቸው ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

መ. በአቼቶ ማርከስ። የተጎዳውን ቦታ በአቼቶ አርጥቡና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በብሩሽ በቀስታ እሹት፤ በጥጥ ጥረጉት። ጥጡ አረንጓዴ ይሆናል። አዲስ አቼቶ ጨምራችሁ ድገሙት። መፍላቱ ቆሞ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። የቦርዱን ጀርባም አትርሱ።

ሠ. በውሃ ማለቅለቅ። አቼቶም አሲድ ነው፤ ከቀረ እሱም መዳብ ይበላል። የተፈጠረው ጨውም ከአየር እርጥበት ይስባል። ስለዚህ በዲስቲልድ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። የቧንቧ ውሃ የራሱ ማዕድናት ስላሉት የመጨረሻው ማለቅለቂያ ዲስቲልድ መሆን አለበት። እዚህም የሊትመስ ወረቀት ይጠቅማል፤ ሁለቱም ቀለሞች ካልተቀየሩ ቦርዱ ረክሷል ማለት ነው።

ረ. ማድረቅ። በአይሶፕሮፒል አልኮል እጠቡት፤ አልኮሉ በየሥርቻው የቀረውን ውሃ ይዞ ይተናል። ከዚያ ንፋስ በሚያገኝ ቦታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። በፀጉር ማድረቂያ ማገዝ ይቻላል፤ ግን ለብ ባለ አየር ይሁን።

6. ምርመራ

ብዙ ሰው ከታጠበ በኋላ «አለቀ» ብሎ መብራት ይሰጠዋል። ማጠቡ ግን ጉዳቱን ያስቆማል እንጂ የተበላውን አይመልስም። ጉዳቱን ማወቅ የሚቻለው አሁን ነው።

በማጉያ መነፅር የጠቆረውን፣ ያበጠውንና የተላጠውን መስመር ሁሉ እዩ። ከቦርዱ ጀርባ ብርሃን ብታበሩ መስመሮቹ ይበልጥ ይታያሉ። እያንዳንዱ የተጠረጠረ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ወረቀት ላይ ሳሉ። ከዚያ በመልቲሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ መልቲሜትሮች በድምፅ መለኪያቸው ላይ 30 እና 40 ኦም ያለውንም መስመር «ደህና ነው» ብለው ይጮሃሉ። ጤነኛ አጭር መስመር ግን ከ1 ኦም ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ድምፁን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን አንብቡ። መጀመሪያ የሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የገመዶቹን ኦም እወቁ፤ ከንባቡ ላይ ትቀንሱታላችሁ።

እኛ የሠራንበት ቦርድ ከመጽዳቱ በፊት ያበሩት ሰዎች «ስድስት ጊዜ ጮኾ ቆመ» ብለው ነግረውን ነበር። ቦርዱ ኤኤምአይ ባዮስ ያለው ነው፤ በእሱ ስድስት ጩኸት ማለት ከኪቦርድ መቆጣጠሪያው ከ8042 ጋር የተያያዘ ችግር አለ ማለት ነው። ይህ መረጃ ብቻ ፍለጋችንን ከመላው ቦርድ ወደ አንድ መዳፍ ስፋት አጠበበልን። የቺፑን ሶኬት ስንነቅል ከሥሩ አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ተገኘ። ከኪቦርድ መሰኪያው ፒን 1፣ ማለትም ከክሎክ መስመሩ፣ የሚመጣው ደግሞ 38 ኦም አነበበ፤ ሜትሩ ግን እየጮኸ ነበር። ለዚህ ነው የቦርዱን ታሪክ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው የምንለው።

7. ጥገና

በቁርኣን ትምህርት ቤት ያደግን እናውቃለን፤ ሎሕ ሳይታጠብ አዲስ ደርስ አይጻፍበትም። ካውያም እንዲሁ ነው። ሶልደር የሚይዘው ንጹሕ መዳብ ላይ ብቻ ነው።

የተጎዳውን መስመር ቀለም በምላጭ ጫፍ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አንሱ። ብናኝ እንዳይነሳ በአልኮል እያረጠባችሁ ሥሩ፤ መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ድረስ ይጸዳ። ፍላክስ ቀቡና አዲስ ሶልደር በስሱ አልብሱት። ግራጫ የሆነው ሶልደር አልቀልጥ ካለ አዲስ ሶልደርና ፍላክስ ጨምሩበት፤ አንድ ላይ ሲቀልጡ መምጠጫው ይስባቸዋል። ካውያ አንድ ቦታ ላይ አይቆይ፤ የተጎዳ መዳብ ሙቀት ሲበዛበት ከቦርዱ ይላቀቃል።

መስመሩ ከተቆረጠ ሁለት መንገድ አለ። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጭን የመዳብ ክር ድልድይ ይሆናል። ረጅም ከሆነ ወይም ቀዳዳው ከተበላ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተለበጠ ሽቦ ከአንዱ ቺፕ እግር ወደ ሌላው ይዘረጋል። ሽቦው የተበላውን ቦታ ሳይሆን ሁለቱን ጤነኛ ጫፎች ያገናኝ። የተጎዳ ሶኬት ከሆነም ተነቅሎ ይቀየር፤ ውስጡ የዛገ ሶኬት ዛሬ ቢሠራ ነገ ያታልላል።

እያንዳንዱን ሽቦ ከሠራችሁ በኋላ ሁለት ልኬት አድርጉ፦ ከታሰበለት ቦታ ጋር መገናኘቱን፣ ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ አለመገናኘቱን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በመጨረሻ ፍላክሱን በአልኮል ጠርጋችሁ የተገለጠውን መዳብ በመከላከያ ቀለም ሸፍኑ፤ ከጠፋ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ያገለግላል።

8. መብራት ከመስጠታችን በፊት

መልቲሜትሩን በ5 ቮልት መስመሩና በግራውንድ መካከል አድርጉ። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርት አለ፤ መብራት አይሰጥም። የ12 ቮልቱንም እንዲሁ ፈትሹ።

የኤቲ ፓወር ሰፕላይ ፒ8 እና ፒ9 የሚባሉ ሁለት መሰኪያዎች አሉት። ሲሰኩ የሁለቱም ጥቁር ገመዶች መሐል ላይ ጎን ለጎን መግጠም አለባቸው። ከተገለባበጡ ቦርዱ ይቃጠላል፤ የደከማችሁበት ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይሄዳል። መጀመሪያ ሜሞሪ፣ የስክሪን ካርድና ስፒከር ብቻ ይሰኩ። የመለኪያ ማሽኑ ካርድና ሀርድ ዲስኩ ቦርዱ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይግቡ። ያረጁ ታንታለም ካፓሲተሮች አንዳንዴ ስለሚፈነዱ መነፅራችሁን አታውልቁ።

9. ምን ባትሪ እንተካ?

ያንኑ ዓይነት ባትሪ መልሶ መበየድ ያንኑ በሽታ መትከል ነው። ብዙ ቦርዶች የውጭ ባትሪ መሰኪያ አላቸው፤ የቦርዱ ማኑዋል የሚለውን ቮልቴጅና ጃምፐር ተከትላችሁ ባትሪውን በመያዣ አድርጋችሁ ከቦርዱ ራቅ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ቢፈስም ሳጥኑን እንጂ ቦርዱን አይነካም።

ሲአር2032 የምትባለዋን ሳንቲም የመሰለች ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። ይህች ባትሪ አትሞላም፤ የድሮው ሰርኪዩት ግን ሊሞላት ይሞክራል፤ ልትፈነዳም ትችላለች። ስለዚህ ከፖዘቲቭ ጫፏ ወደ ቦርዱ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ በመሐል ይገባል። ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ቮልቴጅ የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ ይመረጣል። 3 ቮልቱ ለቦርዱ ሰዓት ካልበቃ ወደ ውጭ ባትሪ መያዣው እንመለሳለን።

10. ማጠቃለያ

እኛ የሠራንበት ቦርድ ሁለት ሽቦ፣ አንድ አዲስ ሶኬትና አንድ የባትሪ መያዣ ፈለገ። ዛሬ ኪቦርዱን ይቀበላል፤ ካርዱም ተሰክቶ ማሽኑ እየለካ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የውስጥ ንብርብሮቻቸው ድረስ የተበሉ፣ ሊድኑ የማይችሉ ቦርዶችም አሉ። እነሱንም ቢሆን አጽድቶ ቺፖቻቸውን ለሌላ ቦርድ መለዋወጫ ማድረግ ይቻላል።

ዛሬ ማታ ማድረግ የምትችሉት ደግሞ አለ። ካልኩሌተራችሁን፣ ሪሞቱን፣ የግድግዳ ሰዓቱን ክፈቱ። ነጭ ቅርፊት ካያችሁ የባትሪ ድንጋዩን በጓንት አውጡ፤ በአቼቶ በተነከረ የጆሮ ጥጥ የብረት መገናኛዎቹን ጥረጉ፤ በዲስቲልድ ውሃ፣ ከዚያ በአልኮል አጽድታችሁ አድርቁ። ለወራት የማትጠቀሙበትን ዕቃ ደግሞ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ የፈሰሰን ፈሳሽ በባይካርቦኔት ማጠብ ለምን አይጠቅምም? በየትኛው ባትሪ ላይ ይጠቅማል?
2. 10 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ አቼቶ ስንት ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያረክሳል?
3. መልቲሜትሩ እየጮኸ መስመሩ ግን የተጎዳ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው?
4. ሲአር2032 ሲተካ ዳዮዱ የሚገባው በየትኛው አቅጣጫ ነው? ለምን?

መልሶቹን በጀማዓ ተወያዩባቸው። በክፍላችሁ ስቶር ውስጥ የተረሳ አሮጌ ኮምፒውተር ካለም ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ ባትሪውን ተመልከቱ።